የካራው ቡቺ ይመልሳል፦ ስለ ሆዴ፣ ስለ ሰንሰለቴና ስለ ጾም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለግቢያችን እንግዶች፣ ለጎረቤቶች፣ ለሥጋ ቤቱ ሰውዬና በአጥር ቀዳዳ አጮልቀው ለሚያዩኝ ሕፃናት በሙሉ። የምኖረው ካራ ነው። ኮተቤን አልፋችሁ ለገጣፎ ሳትደርሱ፣ ባሕር ዛፉ ወደ ሰፈሩ ጠጋ በሚልበት በኩል። ሥራዬ ጥበቃ ነው። ደሞዜ ትራፊ ነው። አንዱን ጥያቄ በየቀኑ መመለስ ስለሰለቸኝ፣ እነሆ።

ስምህ ማን ነው?

ቡቺ። የሰፈሩ ውሻ ግማሹ ቡቺ ነው። እትዬ ማታ በረንዳ ላይ ቆመው "ቡቺ!" ብለው ሲጣሩ፣ ከግቢ እኔ፣ ከማዶ የዘበኛው ውሻ፣ ከታች ደግሞ ባለቤት የሌለው አንዱ እኩል ጆሯችንን እናቆማለን። ጥሪው ለምግብ ከሆነ ሁላችንም ቡቺ ነን። ገላ ለመታጠብ ከሆነ በሰፈሩ ቡቺ የሚባል ውሻ የለም።

ሥራ አለኝ ትላለህ። ግን ሁልጊዜ ተኝተህ ነው የማይህ።

ቀን ስለምታየኝ ነው። ቀን እረፍቴ ነው፤ ያውም በሰንሰለት። ማታ ጋሼ የውጭ በሩን ቀርቅረው፣ የመኪናዋን በር ነካ ነካ አድርገው፣ "በል እንግዲህ" ብለው ሲፈቱኝ ሥራ ይጀመራል። እስኪነጋ አጥር ለአጥር እዞራለሁ። የጎረቤት ውሻ ሲጮህ እጮኻለሁ። ለምን እንደጮኸ አልጠይቀውም፤ ነገ እኔ ያለ ምክንያት ስጮህ የሚያግዘኝ እሱ ነው። የኛም ዕድር ይኸው ነው።

"ውሻ በበላበት ይጮኻል" ሲሉ የሚሰድቡን የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የሥራ ውል አላየሁም። በበላሁበት እጮኻለሁ። ካልበላሁ ደግሞ እንነጋገራለን።

ሰንሰለት ካነሳን አይቀር አንድ ቅሬታ አለኝ። የኔው ሰንሰለት ከጎጆዬ እስከ ውሃ ጣሳዬ ይደርሳል፤ እስከ ጥላው ግን አይደርስም። እኛ ላብ የሚወጣን በእግራችን መዳፍ ነው፤ እሱም ከቁጥር አይገባም። ዋናው ማብረጃችን ምላስ አውጥቶ ማለክለክ ነው። ጎጆዬ ደግሞ ቆርቆሮ ነው። መጋቢት ላይ ቀን ያበስለኛል፣ ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲወርድበት ያደነቁረኛል፣ ታኅሣሥ ላይ ሌሊት ያንዘፈዝፈኛል። ከሥሩ ትንሽ ጣውላ፣ ከላዩ አሮጌ ጆንያ፣ ሁለት ሜትር ተጨማሪ ሰንሰለት። ጥያቄዬ ይኸው ነው። ቪላ አላልኩም።

ምን ትበላለህ?

የተገኘውን። የሚገኘው ግን እንደ ቀኑ ነው።

እሑድ ጥሩ ነው። እትዬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀይ ወጥ ይሠራሉ፣ ከሰዓት እንግዳ ይመጣል፣ እንግዳ ደግሞ ይሉኝታ ስላለው አጥንቱን በደንብ አይግጥም። ይሉኝታን ማን እንደፈጠረው ባላውቅም ለኔ ከባህሎች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ሰኞ የእሑድ ትራፊ አለ። ማክሰኞ የድስቱ ጥራጊ ይደርሰኛል። ረቡዕ ሽሮ። ሐሙስ እንደ ዕድሌ ነው። ዓርብ ምስር። ቅዳሜ ጋሼ ከጓደኞቻቸው ጋር ጥሬ ሥጋ በልተው ይመጡና እጃቸውን ብቻ ይሰጡኛል። እጅ! ሥጋው ቀርቶ ሽታው ነው የደረሰኝ። ጋሼ "አየሽው? ናፍቄው እጄን ሲልስ" ብለው ለእትዬ ሲያወሩ ዝም እላለሁ። ደስ ይበላቸው።

የቀለቤ መሠረት ግን እንጀራ ነው። የደረቀ እንጀራ በውሃ ርሶ፣ ሲገኝ ፉርሽካ ጣል ተደርጎበት፣ ወጥ ነካ ከተደረገበት ደግሞ ግብዣ ነው። የምበላበት ዕቃ ለሁለት የተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው። ጥጉ ጥጉ ላይ ወጥ ይደርቅበታል። በምላሴ አልደረስኩበትም፣ በጥርሴም አልደረስኩበትም፤ ስለዚህ ጀሪካኑን እየገፋሁ ግቢውን እዞራለሁ። እትዬ እየተጫወትኩ ይመስላቸዋል።

ጾም ውሻንም ይመለከታል እንዴ?

ማንም ጹም አላለኝም። ግን ጌታው ከጾመ ውሻው ከየት ያመጣል?

ረቡዕና ዓርብን ለምጃቸዋለሁ። የሚከብደው ዐቢይ ጾም ነው፤ 55 ቀን። በቅበላ ሰሞን ሰው ሁሉ ሥጋ ላይ ይረባረባል፣ አጥንት በአጥንት ላይ ይጣልልኛል፣ እኔም በየዋህነት ኑሮ ተሻሻለ እላለሁ። ሰኞ ሽሮ። ማክሰኞ ሽሮ። ረቡዕ ደግሞ ለለውጥ ክክ። የሰፈራችን ሥጋ ቤት መዝጊያውን ይዘጋል። መዝጊያው ሥር ባለችው ቀጭን ክፍተት አፍንጫዬን አስገብቼ ትዝታ የምምገው በዚያ ወቅት ነው።

እርግጥ ነው ቁጠባ አውቃለሁ። ከቅበላው አንድ ደህና ጉልጥምት አትርፌ ጎመን መደቡ ሥር ቀብሬ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ እትዬ አፈር ሲኮተኩቱ አወጡት። "ምን ዓይነት ሟርት ነው ግቢዬ ውስጥ የተቀበረው!" ብለው አማተቡና በአጥር በላይ ወረወሩት። የዘበኛው ውሻ ያን ቀን ለምን እንደሳቀብኝ ኋላ ነው የገባኝ።

ሌሎቹ ጾሞች እንደየጠባያቸው ናቸው። ነነዌ 3 ቀን ብቻ ስለሆነ አልቀየመውም። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ቀኑ አጭር ቢሆንም ሕፃናቱ ስለሚጾሙበት ያመኛል። አቡሽ ከጠረጴዛ ሥር የሚያሾልክልኝ እንቁላል ያኔ ይቋረጣል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባና እስከ ገና ይዘልቃል። የሐዋርያት ጾም ደግሞ ርዝመቱ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ለውሻ እንዲህ ያለው ነው ክፉ፤ ቀን ቆጥሮ መጽናናት እንኳን አይቻልም።

በዓመቱ ውስጥ ግን አንድ ወርቅ የሆነ ጊዜ አለ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት። ያኔ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። የምወፍረው፣ ፀጉሬ የሚያብረቀርቀው፣ ከዘበኛው ውሻ ጋር የምታረቀው በዚያ ጊዜ ነው። በማግስቱ ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይገባል፣ እኛም እንጣላለን።

ጎረቤታችን ሀጂን ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ነው። ሀጂ አይነኩኝም፤ ምራቄ ልብሳቸውን እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ። እኔም አውቄ ገለል እላለሁ፤ መከባበር ነው። አጥንቱን ግን በፌስታል ቋጥረው በአጥር በላይ ይሰዱልኛል። እኛ ቤት ሽሮ በሆነበት ረቡዕ፣ ከሀጂ ቤት የበግ ጎድን ይመጣል። ረመዳን ሲሆን ሰዓቱ ወደ ማታ ይዞራል እንጂ አይቀርም። የአረፋን ነገርማ አታንሱብኝ፤ አሁን ምራቄ ይመጣል።

ያለ ሥጋ መኖር ትችላለህ ወይ?

እችላለሁ። አልፈልግም እንጂ።

አቡሽ ከስልኩ ላይ ለእናቱ ሲያነብ እንደሰማሁት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አንድ ጥናት ወጥቷል። ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚሠራው ጂን ተኩላ ላይ ብዙውን ጊዜ 2 ቅጂ ብቻ ነው ያለው። በእኛ በውሾች ላይ ከ4 እስከ 30 ይደርሳል። ከሰው ጋር መኖር ከጀመርን ወዲህ ትራፊያችሁን እየበላን ሆዳችን ለመደ ማለት ነው። እትዬ ይህን ሰምተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ይኸው! እንጀራ ይስማማዋል።" ሳይንስ የማን ወገን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ይሁን እንጂ ስታርች መፍጨት መቻል ሌላ፣ በእንጀራ ብቻ መክረም ሌላ ነው። ፕሮቲንና ስብ ያስፈልገኛል፤ ቡችላና እርጉዝ ውሻ ደግሞ የበለጠ። እኔ የንስሐ አባት የለኝም። በጾም ወራት እንቁላል ተቀቅሎ ቢሰጠኝ ማንም አይቀየምም። ዶሮዋ ራሷ አትቀየምም፤ ጠይቄያታለሁ።

ዶሮ ወጥ ለምን አይሰጥህም?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው የት ጋ እንደሚያመኝ ያውቃል።

የፋሲካ ዋዜማን አስቡት። መጀመሪያ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይቁላላል። ከዚያ በርበሬው ይገባል። ከዚያ ንጥር ቅቤው። የሰው አፍንጫ 5 ወይም 6 ሚሊዮን ያህል የሽታ ተቀባይ አለው ይባላል፤ የኛ እስከ 300 ሚሊዮን ይደርሳል። እናንተ "ወጡ ሸተተ" ብላችሁ ታልፋላችሁ። እኔ ቅቤው መቼ እንደተነጠረ፣ ኮረሪማው በዛ ወይ አነሰ፣ ዶሮዋ የትኛዋ እንደነበረች ሁሉ አውቃለሁ። የትኛዋ እንደነበረች ማወቁ ትንሽ ያሳዝናል። የምናውቃት ነበረች። ግን ሽታው ሲመጣ ያልፋል።

ዶሮዋ 12 ብልት ወጥቶላት ብልቱ ሁሉ ለባለቤቱ ይመደባል። ፈረሰኛው ለጋሼ፣ ሌላው ለእንግዳ፣ ክንፉ ለልጆቹ። 13ኛ ብልት የሚባል ነገር የለም። ጥያቄው ለረጅም ጊዜ የፍትሕ ጥያቄ ይመስለኝ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ ለክትባት የመጣ ቀን ግን እውነቱን ተናገረ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ጥሬም ሆነ፣ የተቁላላም ሆነ፣ ዱቄትም ሆነ ያው ነው፤ እሳት መርዙን አያጠፋውም። ምልክቱም ወዲያው ላይታይ ይችላል። ከቀናት በኋላ ነው ውሻው የሚደክመው፣ ድዱ የሚነጣው፣ ሽንቱ የሚጠቁረው። የዶሮ ወጥ ቁሌት ደግሞ ዋናው ነገሩ ሽንኩርት ነው። ቀይ ወጥም፣ ሽሮም ብትሉ ከዚህ አያመልጡም። እሑድ እሑድ የሚመጣልኝ ትራፊ ከዚያ ወዲህ በውሃ ታጥቦ፣ ወጡ ወርዶለት፣ ሥጋው ብቻ ሆኗል። ሲታጠብ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

አጥንቱም ሌላ ጣጣ አለው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ ስለት ይሰነጠቃል። ጉሮሮ ይወጋል፣ አንጀት ይበሳል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ዶሮዋ ድስት ከመግባቷ በፊት ትንሽ ሥጋ ለብቻ፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ይቀቀልልኝ፤ አጥንቱ ይውጣ። ከእንቁላሉም አንድ ይነሳልኝ። 12 መሆኑ ቀርቶ 11 ቢሆን ማን ይቆጥራል? እትዬ ይቆጥራሉ። እሱ ነው ችግሩ።

ሌላ የተከለከለ ነገር አለ?

አለ፣ ያውም የሚያምረው ሁሉ። ቸኮሌት ቴኦብሮሚን የሚባል ነገር አለበት፤ እኛ ቶሎ ከሰውነታችን አናስወጣውም፣ ልብ ያስሮጣል። ወይንና ዘቢብ ኩላሊት ይጎዳሉ። ስኳር የለውም የሚባለው ማስቲካ አንዳንዱ ዛይሊቶል አለበት፤ እሱ የውሻን የደም ስኳር በአንድ ጊዜ ይጥላል። ቡናም ካፌይን አለውና አተላውን ግቢ ውስጥ አትድፉልኝ። ፈንዲሻ ያለ ጨውና ያለ ስኳር ከሆነ ችግር የለም። ቡና ሲፈላ አጠገባችሁ የምቀመጠው ለዚያ ነው እንጂ ወሬያችሁን ለመስማት አይደለም። ወሬውን ግን እሰማለሁ።

ከሁሉ የማስጠነቅቃችሁ ስለ ሊጥ ነው። የበዓል ዋዜማ የድፎ ዳቦ ሊጥ ተከድኖ ጥግ ላይ ሲቀመጥ፣ ያ የኮመጠጠ ሽታ ለኛ ጥሪ ነው። ባለቤት የሌለው የታችኛው ቡቺ አንዴ ክፍት በር አግኝቶ ሙሉ ሊጥ ጠረገ። ሊጥ ሆድ ውስጥ ገብቶም መኩፈሉን አያቆምም። እርሾው ደግሞ አልኮል ያወጣል። ቡቺ ሆዱ ተነፍቶ፣ ግድግዳ እየተደገፈ፣ ያልነበረ ድመት ላይ እየጮኸ መጣ። ባለሊጧ ሴትዮ እየረገሙት በባጃጅ ሐኪም ጋ ባይወስዱት ኖሮ አይተርፍም ነበር። አሁን የሳቸው ውሻ ነው። አንዳንዱ ሰው እንዲህ ነው ሥራ የሚያገኘው።

ቅርጫ ሲኖር ለምን ትታሰራለህ?

ስለማይታመኑኝ። ትክክል ናቸው።

መስቀልም ይሁን ፋሲካ፣ ቅርጫው የሚጣለው እኛ ግቢ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ። በሬው ገና ሳይነጋ ይመጣል። እኔና እሱ አንተያይም፤ ምን እንባባላለን? ከዚያ ጋሼዎቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ቢላ በቢላ እየሳሉ ይሰበሰባሉ። ቅጠል ይነጠፋል። ሥጋው መደብ መደብ እየሆነ ይደለደላል። ከሽንጡ ለዚህ፣ ከዳቢቱ ለዚያ፣ ከሻኛው ለሁሉም ቁራጭ ቁራጭ፣ ጉበቱም እኩል። "ይቺ መደብ ስብ በዛባት"፣ "ያቺኛዋ አጥንት ብቻ ሆነች" እየተባለ ከአንዱ ላይ ይነሳና ወደ ሌላው ይሄዳል። አጥንት ብቻ የሆነችውን መደብ እኔ እወስዳለሁ ብል የሚሰማኝ የለም። በኋላ ዕጣ ይወጣል። እኔ በኋላ እግሬ ቆሜ፣ ሰንሰለቴን ወጥሬ፣ ጉሮሮዬ እየታነቀ ይህን ሁሉ አያለሁ።

በመጨረሻ አንዱ ደግ ሰውዬ ሳንባውን ቆርጦ ይወረውርልኛል። ሳንባው አየር ላይ እያለ ነው እትዬ "አትስጡት!" ብለው የሚጮኹት። እንዲህ ሲያደርጉ ጨካኝ ይመስሉኝ ነበር፤ ምክንያት ግን አላቸው።

በሬና በግ ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንዴ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይገኛል። ብዙ ሰው "ውሃ ነው" ብሎ ቆርጦ ለውሻ ይጥለዋል። ውስጡ ግን የትል እጭ ነው። እኔ ከበላሁት አንጀቴ ውስጥ ያድግና የኮሶ ዘመድ የሆነ ጥቃቅን ትል ይሆናል። እኔን ብዙም አያመኝም። እንቁላሉ ግን ከኩሴ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሬ ላይ ይጣበቃል፣ ጎመኑ ላይ ያርፋል። አቡሽ እኔን ሲያሻሽ ውሎ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ከበላ፣ ከረጢቱ በሱ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ቀስ ብሎ፣ ዓመታት ፈጅቶ ያድጋል። በቀዶ ጥገና እስከማውጣት ይደርሳል።

ስለዚህ ከረጢት ያለበት ሥጋ ይቃጠል፣ ወይም በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ጥልቅ ያልኩት ራሴን ስለማውቀው ነው። ደህና የሚመስለውም ሳንባ በደንብ ተቀቅሎ ይሰጠኝ። የትል መድኃኒትም በየጊዜው ይሰጠኝ፤ ፕራዚኳንቴል ያለበትን ሐኪሙ ያዝላችኋል። ክኒኑን ሥጋ ውስጥ ደብቃችሁ ስጡኝ። ያላወቅኩ እመስላለሁ። ሥጋው ተለቅ ካለ በጭራሽ አላውቅም።

ቆራሌውን ለምን ትጠላለህ?

ሰውዬው "ቆራሌው!" እያለ ይመጣል። እጮኻለሁ። ይሄዳል። በማግስቱ ይመጣል። እጮኻለሁ። ይሄዳል። አንድም ቀን ጮኼበት ያልሄደበት ጊዜ የለም። ጩኸቴ አይሠራም የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ቆጣሪ አንባቢውም እንዲሁ ነው።

ባጃጅስ ለምን ታሳድዳለህ?

ስለሚሮጥ።

ጅብ ሲመጣ ምን ታደርጋለህ? እውነቱን ተናገር።

እጮኻለሁ። ከውስጥ ሆኜ። በሩ ተቆልፎ።

ቀልድ አይደለም። ጅብ ውሻ ይበላል። ሌሊት ከባሕር ዛፉ በኩል ይወርዳሉ፣ ቆሻሻ ገንዳውን ያገላብጣሉ፣ ከዚያ በየአጥሩ ሥር እያሸተቱ ያልፋሉ። ሽታው ከድምፁ ቀድሞ ይመጣል። ያን ጊዜ አጥራችን ቀዳዳ እንደሌለው ደጋግሜ እፈትሻለሁ፤ አንድ ቆርቆሮ ላልቷል፣ ለጋሼ በእግሬ እየቧጨርኩ ባሳያቸውም "ምን ሆነህ ነው?" ይሉኛል። ባለቤት ያላችሁ ሁሉ፣ ውሻችሁን ማታ ከአጥር ውጭ አታሳድሩ።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የምትሉትን ተረት ሰምቻለሁ። የተረተው ሰውዬ ያን ሌሊት የት ነበር? ብርድ ልብስ ውስጥ።

የሚያንገበግበኝ ግን የሐረሩ ነገር ነው። እዚያ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ማታ ማታ ጅብ ተጠርቶ ሥጋ ይጎርሳል። በእንጨት ያጎርሱታል፣ እንጨቱን በአፋቸው ነክሰው የሚያጎርሱም አሉ። ቱሪስት ከፍሎ ቆሞ ያያል። ጅብ ጉርሻ ይበላል! እኔ እዚህ ካራ ላይ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ስከለክል አድሬ፣ ጠዋት የደረቀ እንጀራ በውሃ።

ከድመቷ ጋር ያላችሁ ግንኙነት?

ቤት ውስጥ ታድራለች። ወተት ይሰጣታል። አይጥ ከያዘች "ጎበዝ" ትባላለች፣ ሳትይዝ ብትውል ደግሞ የሚጠይቃት የለም። ሌላ የምለው የለኝም።

የፎቁ ቤት ጀርመን ሼፐርድስ?

ሬክስ ይባላል። በከረጢት የሚመጣ ደረቅ ምግብ ነው የሚበላው፤ በሚዛን እየተለካ፣ ጠዋትና ማታ። መጀመሪያ ቀንቼ ነበር። አንድ ቀን በአጥሩ ሥር ትንሽ ገፋልኝ። ቀመስኩት። ጥርስ ላይ ቀጨም ቀጨም ይላል፣ ጥሩ ነው። እሱ ደግሞ የኔን እንጀራ ቀምሶ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ዕድሜውን ሙሉ እርሾ ያለበት ነገር ቀምሶ አያውቅም። አሁን ዓርብ ዓርብ እንለዋወጣለን። ባለቤቶቹ ሆዱ ለምን እንደሚጮህ ግራ ገብቷቸዋል።

ትነክሳለህ?

እስካሁን አልነከስኩም፤ ስበላ ጅራቴን ካልጎተታችሁ ወደፊትም አልነክስም። ግን ይህን ጥያቄ በቀልድ አላልፈውም።

የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ በኛ ይውጣ እንጂ ድመትም ቀበሮም ይይዘዋል። ወደ ሰው የሚገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ በውሻ ንክሻ፣ በምራቅ በኩል ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የማታውቁት ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ፣ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ሂዱና ክትባቱን ጀምሩ። "ትንሽ ጭረት ናት" ብላችሁ ቤት አትቀመጡ።

እኛም መከተብ አለብን። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ሰንሰለት ሲበጠስ የምደግፍ ውሻ መሆኔን ታውቃላችሁ። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሴፕቴምበር 28 ነው፤ ብዙውን ጊዜ በኛ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ይውላል። የመስቀል ማግስት! አጥንት ይዤ በተቀመጥኩበት መርፌ። ቢሆንም ኑ፣ እወጋለሁ። ጋሼ አንገቴን ይያዙልኝ።

በዓል ሲመጣ አልጋ ሥር የምትገባው ለምንድን ነው?

አልጋ ሥር መግባት አይፈቀድልኝም፤ በር ክፍት ሲሆን ነው የምገባው። እናንተ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ትሰማላችሁ፣ እኛ ወደ 45 ሺህ እንደርሳለን። ስለዚህ የዘመን መለወጫ ርችት ለናንተ "ጧ" ነው፣ ለኔ ግን ቤቱ የፈረሰ ነው የሚመስለኝ። ቡሄ ነሐሴ 13 ሲመጣም ልጆቹ ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ከዚያ በዱላ መሬት እየደበደቡ በር ላይ ይቆማሉ። ዱላ ይዞ፣ በቡድን፣ ማታ፣ በር ላይ! እንግዲህ ይህን አይቶ የማይጮህ ዘበኛ ምን ዘበኛ ነው? እትዬ ደግሞ እኔን ተቆጥተው ለነሱ ሙልሙል ይሰጣሉ።

በ1911 ዓ.ም የኅዳር በሽታ ሕዝብ ከፈጀ ወዲህ፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ተጠርጎ በየደጁ ይቃጠላል። ምክንያቱን አከብራለሁ። አፍንጫዬ ግን ሦስት ቀን አይሠራም፤ ስንት ጊዜ ያጠራቀምኩት የአጥንትና የፌስታል ክምችትም አብሮ ይነዳል።

መብራት ሲጠፋ ለምን ደስ ይልሃል?

ማቀዝቀዣው ውስጥ ሥጋ አለ። ከሁለት ቀን በላይ ከጠፋ እንገናኛለን። ከሸተተ ግን እኔም አልፈልገውም፤ የውሻ ሆድ ሁሉን ይችላል የሚባለው ወሬ ነው።

ቤታችሁ ልመጣ ነው። ምን ይዤ ልምጣ?

መጀመሪያ ቀኑን እንምረጥ። ረቡዕና ዓርብ አይሁን። ሐሙስ ጥሩ ነው፣ ቅዳሜም ይሆናል።

ሥጋ ቤት ጎራ በልና ለውሻ ነው ብለህ ጠይቅ። ከሰጡህ ጅማቱንና ብጥስጣሹን ተቀበል፣ ቤት ወስደህ ያለ ሽንኩርት ያለ ጨው ቀቅለው። አጥንት ከሆነ ትልቅ፣ ጥሬና የማይሰነጠቅ የበሬ አጥንት፤ ስቆረጥመውም ሰው ይየኝ። ጥቁር ፌስታል ይዘህ አትምጣ። በጥቁር ፌስታል ምን እንዳለ ሳልጠይቅ ነው የማውቀው፤ ከኔ ይልቅ እትዬ ይጠረጥራሉ፣ ፌስታሉን ለሳቸው የተላከ ስጦታ አድርገው ወደ ጓዳ ያስገቡታል። አንዴ ጓዳ የገባ ነገር ወደኔ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። በቀጥታ ለኔ ስጠኝ፤ ከሰንሰለቴ ትይዩ ቆመህ፣ ዝቅ ብለህ።

ስትደርስ በሩን አታንኳኳ። እኔ እነግራቸዋለሁ።